ተዝካር ቤት የሚሉት ክፍል

የእትዬ ስመኝን ሞት የሰማሁት ዳባት ገበያ መሃል፣ በግ ስከራከር ነው። በቀኝ እጄ የበጉን ጆሮ ይዣለሁ፣ በግራዬ ስልኩን አነሳሁ። «ጸሐፊው፣ እትዬ ስመኝ አረፉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ቶሎ ና» አለኝ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጌታቸው። በጉን ለቀቅኩት። ባለበጉ «ምነው ወንድሜ፣ ልቀንስልህ እንጂ!» እያለ ተከተለኝ። ሰው የሚወደው ሲሞትበት መጀመሪያ እንባ ይመጣዋል ይባላል። እኔ ላይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ወረቀቱ ነው። ያልጻፍኩት ወረቀት።

ስለ ራሴ ባጭሩ ተናግሬ ወደ እሳቸው ልመለስ። ደባርቅ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ኮምፒውተርና ፕሪንተር አስቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክስ፣ የክስ መልስ፣ የሽያጭ ውል፣ ኑዛዜ። ከዳባት ለዚሁ ሥራ የመጣሁ ሰሞን የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ስዞር አንድ ግቢ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠው አገኘሁ። ደረጃው ድንጋይ ላይ የጎበጠ ምስማር አስተኝተው በሌላ ድንጋይ ያቃናሉ። የተቃናው አንድ ጣሳ ውስጥ፣ ያልተቃናው ሌላ ጣሳ ውስጥ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ምርመራውን ጀመሩ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጸሐፊ ነኝ።»

«ደሞዝ አለህ ወይስ የዕለት ነው?»

«የዕለት ነው፣ ግን ጥሩ...»

«ትጠጣለህ?»

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ የሚጠጣ ኪራይም አልፎ አልፎ ነው የሚከፍል» አሉና ምስማሩን ገልብጠው መቱት። እኔም እልህ ያዘኝና የሁለት ወር ኪራይ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። ዓይናቸው ትንሽ ነው፣ ግን ሰው ኪስ ድረስ የሚያይ ዓይን ነው።

ግቢው ውስጥ ከኋላ እሳቸውና ልጃቸው አንጓች የሚኖሩባት ትንሽ ቤት አለች። ከፊት ደግሞ በአንድ ጣራ ሥር የተደረደሩ ሦስት የኪራይ ክፍሎች፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ከላይ ቆርቆሮ። ክፍሎቹ ስም አላቸው። የመጀመሪያው ቅቤ ቤት ይባላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ካንዲት ላማቸው የወጣውን ቅቤ አንድ ማንኪያ ሳይበሉ፣ ራሳቸውንም ሳይቀቡ፣ ሁሉንም ሸጠው የሠሩት ነው። ሁለተኛው ጫማ ቤት ነው። እሱንም ባለመጫማት ነው የሠሩት። በሽቦ የተሰፋች አንዲት የፕላስቲክ ኮንጎ ነበረቻቸው፣ እሷንም የሚያደርጓት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፣ ቅጽሩ በር ላይ አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ይይዟታል። «ይኼ ሦስተኛውስ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይኼማ ርካሽ ይባላል» አሉኝና ቁልፉን ሰጡኝ። እውነትም ከሁለቱ በጣም ይረክሳል። እኔ ሞኙ ዕድሌ ነው ብዬ ገባሁ።

አይ እትዬ ስመኝ! የእሳቸውን ቁጠባ ተናግሬ እጨርሰዋለሁ? በእኔና በጌታቸው ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ከላይ በክንድ ስፋት ቀድደው አንድ አምፖል ለሁለታችን ሰቅለው ነበር። ማብሪያው እኔ ዘንድ ነው። ጌታቸው ማንበብ ሲፈልግ እኔ መተኛት እፈልጋለሁ፣ እኔ ስጽፍ እሱ ያንኳኳል። ተጣልተን ተጣልተን ክስ ይዘን እሳቸው ዘንድ ሄድን። ሁለታችንንም ሰምተው «ተስማምታችሁ አንብቡ፣ ተስማምታችሁ ተኙ። ሁለት አምፖል ሁለት ሰው ያለያያል» ብለው ፈረዱ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ከጌታቸው ጋር ወንድማማች የሆንነው።

ቆርቆሮ የሚገዙት በክረምት ብቻ ነው። መኸር ሲገባ ገበሬው እህሉን ሸጦ ጣራ ለመምታት ይሻማል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ሐምሌ ላይ ግን ማንም ቤት አይሠራም፣ ነጋዴው ዕቃው ዝናብ ላይ ቁሞበት ይለማመጣል። ያን ጊዜ እሳቸው ጆንያቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ በጭቃው በባዶ እግራቸው ሄደው፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ቆርቆሮ ገዝተው ይመጣሉ። አልጋቸው ሥር ያነጥፉታል። «ክረምት የገዛ ያድራል፣ ክረምት የሸጠ ያለቅሳል» ይላሉ። ሲገላበጡ ቆርቆሮው ሲንኳኳ አንጓች እንቅልፍ እንደማይወስዳት እሷው ነግራኛለች። «እማዬ ከእኔ ይልቅ ቆርቆሮ ነው የምትወድ» ትለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ቆጣቢ ይሁኑ እንጂ ክፉ ግን አልነበሩም። ጌታቸው ስሜን ተራሮች የሚወጡ ቱሪስቶች አስጎብኚ ነው። ተኩሱ መጣና ፈረንጁ ሁሉ ጠፋ፣ ጌታቸውም አራት ወር ኪራይ ሳይከፍል ቆየ። አፍሮ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ጠበቁት። ሻንጣውን ቀምተው መልሰው አስገቡት። «ወዴት ነህ? ግድግዳውን ማን ሊለጥፍልኝ ነው?» አሉት። ጭድና እበት ራሳቸው አቡክተው አቀረቡለት፣ እሱም የሦስቱንም ክፍሎች ግድግዳ ከውስጥ ከውጭ ለጥፎ ዕዳውን ጨረሰ። «ምሳ ግን በራስህ ነው» አሉት። ብሏቸው ብሏቸው አንድ ቀን ብቻ ድንች ቀቀሉለት።

የምኖርበትን ክፍል እውነተኛ ስም የሰማሁት ፀጉሬን ስስተካከል ነው። ፀጉር አስተካካዩ የት እንደምኖር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «የቱ ክፍል?» አለ። «ሦስተኛው» አልኩት። መቀሱን ከጆሮዬ ላይ አነሳ። «ወይ ጉድ! ተዝካር ቤት ውስጥ ትተኛለህ? ሟቹ መጥቶ እህል ውኃ አይለምንህም?» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ግማሽ ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ግማሹን ይዤ መውጣት አልችል፣ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ሰማሁ። እትዬ ስመኝ የባላቸውን የአቶ ደሴን የአርባ ቀን ተዝካር በልተውታል ይላሉ። ሰንጋውን፣ ጌሾውን፣ ብቅሉን ሸጠው ቤት ሠሩበት። ዘመዱ በአርባኛው ቀን ዳስ ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ ይጠብቀናል ብሎ ሲመጣ የቤት ምሰሶ ሲተከል ደረሰ። የደሴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ አንድም የደሴ ዘመድ ያን ግቢ ረግጦት አያውቅም። የደባርቅ ሰውም ያን ክፍል አይከራይም። ለዚህ ነው ለእኔ የረከሰልኝ።

በንዴት ሄድኩባቸው። «እትዬ፣ የሙት ቤት አከራዩኝ እንዴ?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ግባ» አሉኝና ከኋላ ያለችው ቤታቸው ውስጥ አስገቡኝ። አንጓች ጠበል ሄዳ አልነበረችም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺ ልጅ ግራ እጇን ለምን ሁሌ በነጠላ እንደምትሸፍን አላስተዋልኩም ነበር። የሚጥል በሽታ አለባት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ብቻዋን እሳት ስታነድድ ጣላትና እጇ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ቆየ። ጣቶቿ ተጣብቀው ቀሩ። ያኔ ታጭታለት የነበረው ሰው ቤተሰብ መልእክተኛ እንኳ ሳይልክ ቀረ።

«ከዚያ ወዲህ እሳት ዳር አላስደርሳትም» አሉኝ። «እኔ አነድዳለሁ፣ እሷ ትበላለች። እኔ ስሞትስ ማን ያነድድላታል? ንገረኛ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ደሴ ሞተ፣ ሰንጋውን አየሁት፣ አንጓችን አየኋት። ሦስት ክፍል ካለኝ ኪራዩ ለክኒኗና ለቀለቧ ይሆናል፣ እሳት የምታነድድላት አንዲት ሴት ይቀጥርላታል። ሁለት ክፍል ግን አይበቃም፣ አስቤዋለሁ። ጌሾውን ሸጥኩ፣ ብቅሉን ሸጥኩ፣ በሬውንም ዳባት ድረስ ነድቼ ሸጥኩት። እዚህማ የተዝካር በሬ ማን ይገዛኛል? የበላችሁት እናንተ ዳባቶች ናችሁ።» ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ሙት አይራብም፣ አንጓች ግን ትራባለች» አሉኝ።

እኔም ቁጣዬ በረደ። «ታዲያ ለሰው ለምን አይነግሩም? ለአንጓችስ ለምን አይነግሯትም? እሷም እንደ ሰው ነው የምታማዎት» አልኳቸው። ክንዴን ያዙኝ። «እሷ ካወቀች 'አባቴን ያስራብኩት እኔ ነኝ' ብላ ትሞትብኛለች። እኔን ትጥላኝ። እናት ብትጠላ ምን ትሆናለች? ማርያምን፣ አትነግራትም!» አሉ። ማልኩላቸው።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ግን ልባቸው ጠንክሮ አልነበረም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ደሴ ባረፉበት ዕለት፣ በሬን አንኳኩተው «ጸሐፊ፣ ለደሴ ትንሽ ልቀመጥለት» ይሉኛል። አንድ ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላ ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን በር አንድ ነዳይ ጠርተው ክፍሌ ውስጥ ይቀመጣሉ። ካህን የለ፣ ዳስ የለ። ነዳዩ ይበላል፣ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ፣ እኔም ቆርሰው ይሰጡኛል። «ነፍስ ይማር» እንላለን ሦስታችን። አንድ ዓመት ነዳዩ ከሄደ በኋላ «ጸሐፊ፣ ነፍስ ይጠማታል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ እንጃ እትዬ» አልኳቸው። «እኔም እንጃ» አሉ። ያን ቀን ነው ምን እንዳስያዙ የገባኝ። ለልጃቸው እንጀራ ሲሉ የባላቸውን ነፍስ አስይዘው፣ ልክ ይሁኑ ይሳሳቱ ሳያውቁ፣ በየቀኑ ይኖራሉ።

በመጨረሻው ዓመታቸው፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ኪዮስኬ መጡ። በስድስት ዓመት መጥተው አያውቁም። ከባለጉዳዮቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ።

«ኑዛዜ ስንት ነው?»

«ለእርስዎ በነጻ ነው እትዬ።»

«በነጻ የተጻፈ አይጸናም። ዋጋህን ትወስዳለህ። አሁን ጻፍ። ሦስቱ ክፍሎች ለአንጓች። ኪራያቸው ለቀለቧ፣ ለክኒኗ፣ እሳት ለምታነድድላት ሴት። ለእኔ ተዝካር ተብሎ አንዲት ቆርቆሮ እንዳትነቀል። አያ ታከለ ቢለምኑ፣ ቄስ ቢለምኑ፣ አንጓች ራሷ ብትለምን እንዳይሸጥ። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?»

ጣቶቼ ቆመው ነበር። ኑዛዜ እንዲሁ አይጻፍም፣ አራት ምስክር ፊት ተነብቦ አራቱም ይፈርማሉ። «ምስክር ያስፈልጋል» አልኳቸው። «እኔ ዘንድ ማን ይመጣል? አንተ ሰው ታውቃለህ፣ አንተ ፈልግልኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የደንበኞቼን ፊት አንድ በአንድ አየሁ፤ ካህናቱን፣ የሰበካ ጉባኤ ሽማግሌዎቹን፣ የገጠሩን ሰው። ተዝካር የሚከለክል ወረቀት የጻፈ፣ ጮክ ብሎ ያነበበ፣ ምስክር ዞሮ የለመነ ማን ይሆናል? እኔ። «ተዝካር ከልካዩ» እባላለሁ፣ ኪዮስኬ ባዶ ይቀራል። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። «ሰው ሁሉ በጾም ደክሟል፣ ከፋሲካ በኋላ እናድርገው» አልኳቸው።

ፋሲካ አለፈ። «ምስክሮቹስ?» ሲሉኝ «እርሻ ላይ ናቸው» አልኩ። እርሻ ላይ የነበረ ሰው አልነበረም፣ አንድም ሰው አልጠየቅሁም። ሰኔ ሲገባ ሳል ያዛቸው። ጤና ጣቢያ በባጃጅ ላድርስዎት ስላቸው «እግር ተሰጥቶኝ» ብለው በዝናብ ሄደው በዝናብ ተመለሱ። ከዚያ አልጋ ላይ ዋሉ። ልጠይቃቸው ስገባ አንጓች ውኃ ልታመጣ ወጣች። ጠራ ያለ ድምፅ አልነበራቸውም።

«ጸሐፊ፣ ወረቀቱስ?»

«እትዬ፣ አልጋ ላይ ኑዛዜ ሟርት ነው። ይሻልዎታል፣ ሲነሱ እንጽፋለን።»

«አንተም ፈራህ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፣ እንዲያውም ያዘኑልኝ መሰለኝ። አርብ ዕለት እናቴን ልይ ብዬ ዳባት ወረድኩ፣ ቅዳሜ ያ ስልክ ተደወለ።

ቀብሩ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ያለቀሱት አያ ታከለ ናቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢውን ረገጡ። እኔ ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምጠላው አገኛለሁ። የተቀደደ ካፖርት የለበሱ፣ አንድ ዓይናቸው የሚያነባ ደሃ ገበሬ ናቸው። አንጓችን አቅፈው «የወንድሜ ልጅ፣ አይዞሽ፣ ዘመድ አለሽ» ሲሏት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከልባቸው ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንጓችና አያ ታከለ ዝናብ እየዘነበባቸው ኪዮስኬ ገቡ። ከኋላቸው አንድ የእህል ነጋዴ አለ። ሦስቱን ክፍሎች ሊገዛ፣ አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት ተስማምቷል። ፍልሰታ ሳይገባ ለእናቷም ለአባቷም አንድ ላይ ተዝካር ማውጣት አለባቸው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ሐምሌ ላይ ቤት የሚገዛ ሌላ ሰው የለም። ዋጋውን ሲነግሩኝ የሁለት ክፍል ዋጋ እንኳ አይሆንም። ክረምት የሸጠ ያለቅሳል ያሉት ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

«አንጓች» አልኳት፣ «እናትሽ ይህን አልፈለጉም ነበር።»

«ለማን ነገረች?»

«ለእኔ።»

«ወረቀት አለህ?»

የለኝም። አያ ታከለ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ከዚህ ብር አንዲት ሳንቲም ኪሴ ብትገባ እጄ ይሰበር። ግን ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሜ እየመጣ ውኃ ይለምነኛል። አሁን ስመኝም ልትጨመር ነው። አንተ ብትሆን ዝም ትላለህ?» አሉኝ። አንጓችም «አባቴን ከለከለችው፣ እኔ እሷን ልከልክላት? እንደ እሷ ልሁን?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

እዚያ ላይ «ለአንቺ ብለው ነው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አልኩ? አላልኩም። ለእናቷ የማልኩትን ቃል ጠበቅሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ነው። ቃል ጠባቂ ብሆን ኖሮ ወረቀቱን እጽፍ ነበር። በማርያም ስም ጀርባ ተደብቄ ውሉን ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ አነበብኩላቸው። አንጓች ጤነኛውን የቀኝ አውራ ጣቷን ቀለም ላይ ነክራ ፈረመች። ነጋዴው የጽሕፈቱን ከፈለኝ፣ ተቀበልኩ።

ተዝካሩ እንዲህ ያለ ተዝካር ታይቶ አያውቅም ተባለለት። ዳሱ ጭቃው ላይ ተጥሎ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰንጋው ታርዶ፣ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር ጠገበ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ በር ያላለፈ ሰው ሁሉ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ስመኝ ዛሬ ገና ከሰው ገባች» አሉ። የእትዬ ስመኝ የነፍስ አባትም ነበሩ። ሁሉን ያውቃሉ፣ ተናዝዘውላቸዋልና፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ሁለታችንም ወደ ወጡ አቀረቀርን። ወጡ በቅቤ ነው የተሠራው፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። አንጓች ደግሞ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ሸሽተዋት የኖሩ ሴቶች ይስሟታል፣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ይሏታል። በደህናው እጇ ትሪ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ብላ እንጂ ጸሐፊው! ምን ያኮራሃል? የእማዬ ነው» አለችኝ።

በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ደግሜም ጎረስኩ።

በሳምንቱ ነጋዴው ሠራተኞች አምጥቶ ቆርቆሮውን አወረደ። እኔና ጌታቸው ዕቃችንን ይዘን ወጣን። ሠራተኞቹ ምስማሩን እየነቀሉ የጎበጠውን ሁሉ ጭቃ ላይ ይወረውሩታል። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ለቀምኩ። ምን ልሠራበት ነው? እንጃ፣ አሁንም ኪዮስኬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አያ ታከለ ቃላቸውን አልበሉም። መስከረም ላይ ግማሽ ኩንታል ገብስ በአህያ ጭነው አመጡላት፣ ከዚያ በላይ የላቸውም። የእድር ሴቶች ለጥቂት ሳምንት ተመላለሱ፣ ከዚያ አጨዳ ደረሰና ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እኔም ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ነበር፣ ነገ ዛሬ እጠይቃታለሁ እያልኩ ቀረሁ። ነገ ማለት የለመድኩት ነገር ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ገበያ ቀን፣ አንጓች ኪዮስኬ መጣች። እናቷ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። በጣም ከስታለች። ስትቀርብ የቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ምን ሆነሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ብቻዋን ነው የምታነድደው።

«ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለችኝ። «ረዳት የለኝም በል። ቀለብና ክኒን እንዲሰጡኝ በል።»

ጻፍኩ። 'እኔ አመልካች ምንም ዓይነት ገቢ የሌለኝ ስሆን' ብዬ ጀመርኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ሰው ጽፌዋለሁ፣ እጄ ያውቀዋል። ሳትም እሷ የፕሪንተሩን ድምፅ እያዳመጠች ቆየችና እንዲሁ ለወግ ያህል ጠየቀችኝ።

«ጸሐፊው፣ አንተ ከእማዬ ጋር ታወራ ነበር። ያን ሁሉ ሳትበላ ሳትጫማ የምታጠራቅመው ለማን ነበር?»

ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ነገርኳት። ሰንጋውን፣ ሦስቱን ክፍሎች፣ እሳት የምታነድደውን ሴት ነገርኳት። በየኅዳሩ በአንድ ነዳይ የሚያወጡትን ተዝካርና አልጋ ላይ ሆነው የጠየቁኝን ወረቀት ጭምር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ውጭ ባጃጆቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ከአግዳሚው ላይ አንድ ባለጉዳይ «ኧረ ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል።

«ተዝካሩ ላይ በልተሃል አይደል?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

«እኔም በልቻለሁ» አለች።

ከዚያ ማመልከቻው ላይ ልትፈርም የተጠቀለለውን ቀኝ እጇን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ አወረደችው። ነጠላዋን ገልጣ፣ ሃያ ዓመት ለሰው ያላሳየችውን ግራ እጇን አወጣችና ወደ ቀለሙ ዘረጋችልኝ። ከተጣበቁት ጣቶች አውራ ጣቱን ፈልጌ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። አሻራ አልነበረውም፣ ጥቁር ቀለም ብቻ ነው የወጣው።